የፓይሊ ምራት ምን ትበል?

«ሱሕራ፣ ዛሬውኑ ድረሺልኝ። ሰኞ ሳምንት ችሎት ፊት ቆሜ ‹አብዳለች› ልበል ወይስ ‹አልገደለችም› ልበል፣ እኔው ጠበቃዋ ግራ ገብቶኛል።»

ጠበቃ ሳሮጂኒ ይህን በስልክ ስትናገር ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሕንድ አገር፣ በአላፑዛ ከተማ ችሎቶች ፀጉሯ እስኪሸብት ስትከራከር ዳኛ ተቆጥቶ፣ ዐቃቤ ሕግ ፎክሮ ያላስደነገጣት ሴት ናት። ሱሕራ ደግሞ ከፖሊስ ምርመራ ክፍል ጡረታ ከወጣች ወዲህ ለጠበቆች ነገር እያጣራች የምትኖር፣ ወፈር ያለች፣ ውሃና ጀልባ የማትወድ መርማሪ ነበረች። «ማንን ነው የምትዪው?» ብላ አልጠየቀችም። በዚያ ክረምት በመላው ኬረላ የሚወራው ስለ አንዲት ሴት ብቻ ነበር።

ፓይሊ ተገድሎ ነበር። ፓይሊ ማለት በፊልም ላይ ብቅ ሲል ገና ሳይናገር አገር የሚስቅለት፣ ቀልዱ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የሚደገምለት ሽማግሌ ነው። ክረምቱ በገባ ሰሞን ማለዳ፣ ከቤቱ ጓሮ ካለው የጀልባ መውረጃ፣ ዘወትር መቁጠሪያውን ይዞ ከሚቀመጥበት የድንጋይ መደብ ላይ ማጅራቱን ተመቶ ተገኘ። ፖሊስ ቤቱን ሲፈትሽ የልጁ ሚስት ብሌሲ በአልጋዋ ላይ ተኝታለች፤ የሌሊት ልብሷ በደም ርሷል፤ የኮኮናት መፈልጫው ገጀራ አልጋዋ ሥር ተወሽቋል። በመከራ ቀሰቀሷት። «ምን ሆነ?» አለች። ከዚህ ሌላ የምትለው አልነበራትም።

ብሌሲ አራስ ነበረች። ከወለደች በኋላ ምድጃ ለኩሳ የምትረሳ፣ የገዛ ልጇ ስም የሚጠፋባት ሆና ነበር። ስለዚህ አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ገደለች፣ አልገደለችም በሚለው አይደለም፤ መግደሏን ሁሉም አምኗል። ክርክሩ ጠበቃዋ ምን ትበል በሚለው ላይ ነበር። የሴቶች ማኅበራት «የታመመች እናት ወንጀለኛ አይደለችም» የሚል ጽሑፍ ይዘው ወጡ። የፓይሊ አድናቂዎች ደግሞ «እብደት የገዳይ መደበቂያ አይሁን» ብለው ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ሱሕራ አውቶቡስ እስኪመጣ ሻይ ቤት ብትገባ እዚያም ይኸው ነው።

«እብድ ናት ትበልና ትገላገላ!» አለ አንዱ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እያጋጨ።

«በእብደትማ ከሆነ ያንተ ሚስት ናት ነጻ መውጣት ያለባት፤ ጤና ሆና አላገባችህም» አለው ሌላው። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሱሕራ አልሳቀችም።

ከተከራካሪዎቹ ሁሉ ገንኖ የወጣው ዶክተር ኩሩቪላ ነው። የአእምሮ ሐኪም ነው፤ ደግሞም የሟች የፓይሊ አማች፣ የሴት ልጁ የሻይኒ ባል። ምሽት በመጣ ቁጥር በቴሌቪዥን ይቀርባል። «እንደ አባት የምወደውን ሰው አጥቻለሁ፤ ግን ይህች ልጅ መታከም እንጂ መታሰር የለባትም» ሲል የማያለቅስ አልነበረም።

ሳሮጂኒ ቢሮዋን ዘግታ ሱሕራን አስቀመጠቻት።

«አልገደለችም ብዬ ብረታ ዕድሜ ልኳን ትታሰራለች። አብዳለች ካልኩ እንደማሸንፍ አልጠራጠርም። ግን ሆስፒታል ይዘጋባታል፣ ልጇንም ትቀማለች።»

«እሷስ ምን አለችሽ?»

ሳሮጂኒ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። «‹ያደረግኩትን የምታውቁ ከሆነ ንገሩኝና እሱን ልበል› አለችኝ። ሱሕራ፣ ስንት ነፍሰ ገዳይ አይቻለሁ። እንዲህ ራሱን የሚፈራ ሰው ግን አላየሁም።»

*

ፍርድ ቤቱ ብሌሲን በዋስ ሲለቃት ከባሏ ቤት እንዳትወጣ አዝዞ ነበር። ስለዚህ ሱሕራ ቦዩን በጠባብ ጀልባ፣ ሁለት ጠርዙን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ አላህን እየጠራች ተሻገረች። «ለጠበቃዋ ነው የምሠራው፤ ጥቂት ቀን አስቸግራችኋለሁ» ብላ እንግዳ ሆና ገባች።

ብሌሲ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ሕፃኑ አጠገቧ ተኝቷል። ቀጭን ናት፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጋድማ ልክ የሌላ ሰው እጅ እንደምታይ ታያቸዋለች።

«አትፍሪኝ፣ ልጄ።»

«እርስዎን አይደለም የምፈራው፣ እትዬ። እነዚህን ነው።» እጆቿን አሳየቻት። «ልጄን ሳጥበው ልቤ ይደልቃል። አባባን ያህል ሰው የመታ እጅ ሕፃኑን ምን ያደርገው ይሆን እላለሁ። አባባን እኮ እወደው ነበር! ከዚህ ቤት የሚያስቀኝ እሱ ብቻ ነበር።»

«ከዚያ ምሽት የምታስታውሺው ምንድን ነው?»

«ወተቴን ጠጣሁ። ልጁን አጠባሁ። ከዚያ ፖሊስ።»

«እስር ቤትስ ይጠፋብሽ ነበር? ነገር ትረሺ ነበር?»

ብሌሲ ግራ ተጋባች። «እዚያስ... ደኅና ነበርኩ። የጠባቂዎቹን ሁሉ ስም አውቅ ነበር። ልጄ ግን ከእኔ ጋር ታስሮ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ እስረኛውን አስለቀሰው። እዚህ ከተመለስን ይኸው በሰላም ተኛ፤ እኔም ጭጋጉ ተመለሰብኝ። ቤቱ ነው መሰለኝ የሚጠላኝ።»

ሱሕራ የተኛውን ሕፃን አየችው። ጉንጩን በጣቷ ነካችው። አልተንቀሳቀሰም።

የብሌሲ ባል ጂጆ ሳሎን ውስጥ የአባቱን ፎቶግራፎች እየጠረገ ነበር። ለስላሳ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው።

«ያን ሌሊት የት ነበርክ?»

«ፎቅ። ልጁ ስለሚያለቅስ እዚያ ነው የምተኛው። ያን ሌሊት ግን አላለቀሰም። የፖሊስ ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ።»

«አባትህና እህትህ ይስማማሉ?»

«ሻይኒ? እናታችን ከሞተች ወዲህ እሷ ናት ሁላችንንም ያሳደገችን፤ አግብታም ከዚህ ቤት አልወጣችም። አባባን ራሱ እንደ ልጅ ነበር የምትይዘው። በተቀመጠበት ሲያንቀላፋ መነጽሩን አውልቃ፣ አጥፋ፣ ደረት ኪሱ ታስገባለታለች። ‹ፊልም አልቋል፣ መጋረጃ ዝጉ› ይላት ነበር ዓይኑን ሳይገልጥ።» ጂጆ ፈገግ ሊል ሞከረና አቃተው። «እሷ ልጅ አልወለደችም። ለልጃችን እናቱም አክስቱም እሷ ናት።»

ሻይኒ ወጥ ቤት ነበረች። ሱሕራን ስታይ እጇን ጠርጋ በሁለት እጇ ተቀበለቻት። ለዓሣው ወጥ ኮኮናት እየፈቀፈቀች፣ ሳትጠየቅ ተናገረች።

«ጠበቃዋን ይምከሩልን እንጂ። ምን ይጠበቃል? ደም በደም ልብስ ለብሳ፣ እግሯን ግን ንጹሕ አድርጋ ታጥባ የተኛችው ጤና ሆና ነው?»

«እግሯ ንጹሕ ነበር?»

«አንዲት የጭቃ ነጥብ የለበትም! አንሶላው ላይም የለም። በዚያ ዝናብ፣ ያን ቀይ ጭቃ ረግጣ! እብደት ካልሆነ ምን ይባላል?»

ወጥ ሠሪዋ ኤሊያማ በበኩሏ ሱሕራን ባየች ቁጥር ዓይኗን ትሰብራለች። ቤቷ ከቦዩ ማዶ ነው፤ ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘችው እሷ ናት። ሱሕራ ጉድጓዱ አጠገብ ለብቻዋ አገኘቻትና አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ከሬሳው ላይ ምን ወሰድሽ?» አለቻት በቀስታ።

ኤሊያማ አፏን በሻሽዋ ያዘች። «ሌባ አይደለሁም! እግዜር ይይልኝ፣ መነጽሩን ነው። ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። አስከሬን ምርመራ ወስደው ይጥሉታል ብዬ... ሲቀበር ላደርግለት አስቤ። ከዚያ ፖሊሶቹ መነጽሩ ቦዩ ውስጥ ገብቷል ብለው ሲጽፉ ፈራሁ፤ ዝም አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ለቄሱም እንኳ።»

«ታጥፎ ነበር?»

«ልክ እንደ ወትሮው፣ ታጥፎ።»

*

ሲመሻሽ ሻይኒ ከሙን የፈላበት ወተት በሁለት ጽዋ ይዛ መጣች። አንዱን ለብሌሲ ሰጠች። ሌላውን ለሱሕራ አቀረበች።

«እርስዎም ይጠጡ። ለእንቅልፍ እንዲህ ያለ የለም።»

ሻይኒ አልሄደችም። በሩን ተደግፋ ቆመች። ሱሕራ ጽዋውን ተቀብላ ያዘች። በፖሊስነቷ ጊዜ ጩቤ የያዘ ሰው ፊት ቆማ እንዲህ አልፈራችም።

«ከሙን ሆዴን ይነፋኛል፣ ልጄ። አላህ ይስጥሽ» አለችና መለሰችላት። ሻይኒ ጽዋውን ተቀበለች፤ ፈገግታዋ አልጠፋም፤ ዓይኗ ግን ከሱሕራ ፊት አልነቀል አለ። እንደሄደች ሱሕራ ብሌሲን እጇን ያዘቻት።

«አትጠጪው። በዚህ ጠርሙስ ገልብጪልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህች ሴት እጅ ጉንጭ እንዳትቀምሺ፤ ግን የጠጣሽ ምሰዪ።»

ብሌሲ ጽዋውን አልለቀቀችም። «ሻይኒ ናት እኮ... ካልጠጣሁ ታውቅብኛለች። ከውጭ ቆማ ነው የምትጠብቀው።»

እውነትም ከበሩ ውጭ ድምፅ መጣ፦ «ብሌሲ፣ ጨረስሽው?»

«ጨ... ጨረስኩት፣ እትዬ» አለች ብሌሲ። ጠርሙሱን ከሕፃኑ ልብስ ሥር ስትደብቀው ወተት አንሶላው ላይ ፈሰሰ፤ በጉልበቷ ሸፈነችው።

በማግሥቱ ጠዋት ሕፃኑ ሲያለቅስ አድሮ ተነሣ፤ ጂጆ ዓይኑ ቀልቶ ከፎቅ ወረደ። በቀጣዩም ቀን እንዲሁ። ሻይኒ ከቁርስ ላይ እየተነሣች ሕፃኑን ትቀማለች፤ ግንባሩን ትዳስሳለች፤ ብሌሲን አትኩራ ታያለች። በሦስተኛው ምሽት ወተቱን ራሷ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «አሁን ፊቴ ጠጪው» አለቻት። ሱሕራ ከደጅ ሆና ሰማች። እንደተሰናከለ ሰው ተንደርድራ ገብታ ጽዋውን በክርኗ ገፋችው። መሬት ላይ ተሰበረ።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ! ይህ ውፍረቴ!» አለች።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሻይኒ ስባሪውን ለመልቀም ጎንበስ ብላ «ክፉኛ ይቆርጣል፣ ይጠንቀቁ» አለቻት። ሱሕራ በዚያ ሌሊት በሩን በአልጋ ደግፋ፣ ብሌሲንና ሕፃኑን በአጠገቧ አድርጋ ነው ያደረችው። ነግቶ ጠርሙሱን ለምርመራ ወደ ከተማ ላከች።

*

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠበቃ ሳሮጂኒ «ነገ የምለውን ለቤተሰቡ ልንገር» ብላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። ጂጆ፣ ሻይኒ፣ ዶክተር ኩሩቪላና ኤሊያማ ነበሩ። ብሌሲ ልጇን አቅፋ ከሱሕራ ጎን ተቀምጣለች። በሩ አጠገብ የከተማው ፖሊስ አዛዥ ያለ ደንብ ልብስ ቆሟል። ደጅ ዝናቡ ይወርዳል።

«መቼም አብዳለች ነው የሚሉት» አለ ዶክተሩ።

«ከእሱ በፊት ሱሕራ የምትለው አላት።»

ሱሕራ ከወንበሯ አልተነሣችም። «አገሩ ሁሉ ጠበቃዋ ምን ትበል እያለ ተጨቃጨቀ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከበደኝ። እብደት የማይከተት ነገር የሌለው ጆንያ ነው። እግሯ ለምን ንጹሕ ሆነ? አብዳ። ልጁ ለምን አላለቀሰም? አብዳ። ነገሩ አልገጥም ባለ ቁጥር ጆንያው ውስጥ እንከተዋለን። እስቲ ዛሬ ጆንያውን እንዘርግፈው።

«መጀመሪያ እግሯ። ዝናብ እየዘነበ ቀይ ጭቃ ረግጦ የሄደ ሰው እግሩን ታጥቦ ደሙን ይተዋል? አይተውም። ይህች ልጅ ከአልጋዋ አልወረደችም። ደሙ ነው ወደ እሷ የመጣው፤ ገዳዩ ነው በተኛችበት የቀባት።»

ጂጆ ራሱን ቀና አደረገ።

«ሁለተኛ፣ ሕፃኑ። ይህ ልጅ እስር ቤት ሲጮህ ከርሟል። እዚህ ቤት ግን ጥይት አይቀሰቅሰውም። የሚጠባ ልጅ በምን ይደነዝዛል? በእናቱ ወተት። የብሌሲ ጭጋግም የሚመጣው እዚህ ቤት ስትኖር ብቻ ነው። ወተቱን ማስደፋት ስጀምር ልጁ ጮኸ፣ እናቱም ነቃች። ጠርሙሱን አስመረመርኩት።»

ፖሊስ አዛዡ አንገቱን ነቀነቀ። «የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። ብርቱ።»

«ያን ጠጥቶ የተኛ ሰው» አለች ሱሕራ፣ «ገጀራ ማንሣት ቀርቶ ዓይኑን አይገልጥም። የአእምሮ ሕመም ነው ያልነው ሁሉ ከጽዋ የመጣ ነው።»

ዶክተሩ ፊቱ ነጣ። «እኔ ለብሌሲ መድኃኒት ሰጥቼ አላውቅም! እምቢ ብላኛለች፤ ልጁን እንዳይጎዳ ብላ።»

«አውቃለሁ፤ ከቦርሳዎ ተሰርቆ ነው። ያን ሌሊት ሆስፒታል ተረኛ እንደነበሩም አጣርቻለሁ። ግን አንድ ነገር ይንገሩን።» ሱሕራ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዶክተሩ በቴሌቪዥን የተናገረው ሳሎኑን ሞላው፦ «...ሰው ገድሎ፣ የሟቹን መነጽር አውልቆ፣ አጥፎ ኪሱ የሚያስቀምጥ ጤነኛ ነፍሰ ገዳይ አለ ወይ?»

«ስንት ሚሊዮን ሰው ሰማው፤ ሁሉም በክርክሩ ተዋጠ» አለች ሱሕራ። «የፖሊስ መዝገብ መነጽሩ ውሃ ገባ ነው የሚለው። ኪሱ ውስጥ ያየችው ኤሊያማ ናት፣ ለማንም አልተናገረችም። ሌላ የሚያውቅ ሰው ካለ ያስገባው ሰው ብቻ ነው። ዶክተር፣ ከማን ሰሙት?»

ኩሩቪላ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። በዚያ ሳሎን የተቀመጡ ሁሉ የዚያን ሰው ፊት አይረሱትም።

«ሻይኒ... ‹ይህንን በል፣ ሰው ያምናል› ያልሽኝ...»

«ብሌሲ ናት የነገረችኝ!» አለች ሻይኒ ቶሎ ብላ። «እያለቀሰች ነገረችኝ!»

«እኔ?» አለች ብሌሲ። እንደ ልማዷ ተጠራጠረች፤ እጆቿን አየች። ሱሕራ ክንዷን ያዘቻት።

«የተኛ ሰው አያይም፣ ልጄ። አልነገርሻትም።» ወደ ሻይኒ ዞረች። «አባትሽን ከመታሽ በኋላ መነጽሩ ወደቀ። እጅሽ ስንት ዓመት የለመደውን ለራሱ ሠራ። አንስተሽ፣ አጥፈሽ፣ ኪሱ ከተትሽ። በዚህ ቤት ይህን የሚያደርግ ሌላ እጅ የለም፤ ወንድምሽን ጠይቂ።»

ጂጆ «ጌታ ሆይ» አለ።

ሳሮጂኒ ተቀበለች። «አልገደለችም ብል፣ ‹ታዲያ ማን?› ይባላል። አብዳለች ብል ግን ምንም የሚጠየቅ የለም። ብሌሲ ሆስፒታል፣ ልጁ አክስቱ እጅ። ሁላችንም ደግ ሥራ የሠራን መስሎን ለገዳይዋ ጥብቅና ልንቆም ነበር።»

ሻይኒ ብድግ አለች፤ የምታየው ሕፃኑን ብቻ ነበር። «ልጁን ማን አሳደገው? ማን አዘለው? አባባ የብሌሲን ጽዋ አሸተተ። ‹ምን እንደምታጠጫት አውቄያለሁ፤ ነገ እኔው እናቷ ቤት አደርሳቸዋለሁ› አለኝ። እናቷ አገር፣ እዚያ ሩቅ ዋይናድ ተራራ ላይ ሊወስድብኝ! ለመንኩት። ሲነጋም ወርጄ ለመንኩት። ቀለደ! በእኔ ላይ ቀለደ! ‹የሰው እንቁላል የታቀፈች ዶሮ› አለኝ...» ድምጿ ተቆረጠ። «ሁልጊዜ ይቀልዳል።»

አዛዡ ሲቀርባት እጇን ወደ ሕፃኑ ዘረጋች። ብሌሲ ልጇን ጥብቅ አድርጋ አቅፋ ወደ ግድግዳው ሸሸች። ከዚያ በኋላ ሻይኒ አልታገለችም። ኩሩቪላ ግን ከወንበሩ መነሣት አቅቶት «እኔ እኮ ከልቤ ነበር... ከልቤ» ይል ነበር።

«ዶክተር፣ የፈራሁትም ይህንኑ ነው፤ ሰው የሚያምነው ከልብ የተነገረውን ነው» አለችው ሱሕራ።

*

ክሱ ተነሣ። ብሌሲ ወደ እናቷ ለመሄድ ጓዟን ይዛ ወደ መውረጃው ወጣች። ጂጆ ጃንጥላ ይዞ ተከተላት።

«ቆዪ። አሁን እኮ ሁሉም ተገለጠ። የሚያስፈራ ነገር የለም።»

ብሌሲ ዞር አለች። «ጂጆ፣ እኔ የገደልኩ መስሎህ ነበር?»

«ዶክተሩ ያለው ነገር...»

«ዶክተሩን አልጠየቅኩህም።»

ጂጆ ዓይኑን ወደ ጃንጥላው እጀታ ሰበረ። ዝናቡ በመካከላቸው ወረደ። ብሌሲ ልጇን አቅፋ ወደ ጀልባው ገባች። ሱሕራ ተከትላት ገብታ ጠርዙን ጨበጠች።

ከቤቱ ከራቁ በኋላ ብሌሲ ተናገረች።

«እትዬ፣ አሁንም እፈራለሁ።»

«ምኑን? አልቋል እኮ።»

«አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ ‹አዎ፣ እኔ ነኝ› ልል ነበር። ውሸቴን አይደለም፤ አምኜበት።»

ሱሕራ የጀልባውን ጠርዝ ለቅቃ እጇን ያዘቻት።